ሰሊጡንም ሠራተኛውንም የሚያጠቃው ጥቁር ሻጋታ የግብርናና የጤና ዘርፎችን ቅንጅት ይሻል

በምዕራብ ጎንደር ዞን የሚገኙት የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ ቆላማ አካባቢዎች ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ጥጥና አኩሪ አተር በስፋት የሚመረትባቸው ናቸው። በተለይ ሰሊጡ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና የግብርና ምርቶች መካከል ሲጠቀስ ቆይቷል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የጎንደርን ሰሊጥ ሲያገበያይ የቆየ መሆኑ ይታወቃል።

አራቱ ሰብሎች በአዘራራቸው፣ በአጨዳቸውና በገበያ ዋጋቸው ይለያያሉ። አንድ የጋራ ጠላት ግን አላቸው። ይኸውም ማክሮፎሚና ፋሲዮሊና በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚጠራው ጥቁር ሻጋታ ነው። ሻጋታው ከ500 በላይ የእጽዋት ዝርያዎችን የሚያጠቃ ሲሆን፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚመረቱት አራቱም ዋና ዋና ሰብሎች ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ጉዳቱም በሰብል ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። አጋጣሚ ሲያገኝ የሰውን የዓይን ብሌን፣ እንዲሁም በሽታን የመከላከል አቅሙ የተዳከመን ሰው ሰውነት እንደሚያጠቃ በሕክምና ምርምር ጽሑፎች ተመዝግቧል።

በአሠራር ሲታይ ግን ይህ ሻጋታ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል የሚወድቅ ጉዳይ ነው። የደረቀው የሰሊጥ ግንድ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ የቆሰለው ዓይን ደግሞ የጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ሁለቱም ጉዳቶች ከአንድ ማሳ፣ በአንድ ወቅትና በአንድ ሠራተኛ እጅ የሚመጡ መሆናቸውን አገናዝቦ የሚያይ ካልተገኘ፣ ጉዳቱን በአነስተኛ ወጪ መከላከል የሚቻልበት ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

ሻጋታው በማሳ ውስጥ

ማክሮፎሚና በአፈር ውስጥና ከአጨዳ በኋላ በሚቀር አገዳ ላይ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ጠንካራ ጥቁር ቅንጣቶች ሆኖ ለዓመታት ይቆያል። አፈሩ ሲሞቅና እርጥበቱ ሲቀንስ ቅንጣቶቹ አቆጥቁጠው በሥር በኩል ወደ ተክሉ ይገባሉ። ከዚያም ውኃ የሚያመላልሱትን የተክሉን ቧንቧዎች ይዘጋሉ። ተክሉ በድንገት ይጠወልጋል፤ ያለ ጊዜውም ይደርቃል። ግንዱ ሲሰነጠቅ ውስጡ የከሰል ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሻጋታው ይበልጥ የሚስማማው ሙቀት ከ28 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ነው። ይህም ለመተማና ለአካባቢው እንግዳ ያልሆነ ሙቀት ነው። ዝናቡ በአመዛኙ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የሚጥል በመሆኑ፣ አበባ ባወጣ ሰብል ላይ ዝናቡ ቀድሞ የወጣበት ዓመት ለሻጋታው የተመቸ ይሆናል። በውኃ ጥም የተጎዳ ተክል የመቋቋም አቅሙ ይዳከማልና ነው። በማሽላ በኩል ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሰብሉ ለመድረስ ሲቃረብ ነው። አገዳው ከሥሩ በስብሶ ይጋሽባል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ይቀራል።

በዚህ ረገድ ገበሬውን የሚፈታተነው ዋናው ነገር ሰብል ማፈራረቅ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑ ነው። በሌሎች በርካታ የሰብል በሽታዎች ላይ አንዱን ሰብል በሌላ መተካት የበሽታውን አምጪ ያስርበዋል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ግን ሰሊጡን በማሽላ፣ ማሽላውን በአኩሪ አተር፣ አኩሪ አተሩን በጥጥ መተካት ሻጋታውን ከአንድ ቀለብ ወደ ሌላ ቀለብ ከማሻገር ብዙ አይርቅም። በመሆኑም ማፈራረቁ ለአፈሩ ለምነትና ለሌሎች ተባዮች ቁጥጥር የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ በሌሎች እርምጃዎች መታገዝ ይኖርበታል።

ከእርምጃዎቹ መካከል ንጹሕና የታከመ ዘር መጠቀም አንዱ ነው፤ ሻጋታው በዘር አማካይነትም ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል። በመስመር መዝራትና የበዛውን ማሳሳት ተክሎቹ ለእርጥበት እንዳይሻሙ ያደርጋል። በወቅቱ መዝራት፣ በወቅቱ ማረምና በወቅቱ ማጨድም እንዲሁ። በበሽታው ክፉኛ የተጎዳ አገዳ በማሳው ላይ ተበትኖ እንዳይቀር ማድረግ ለቀጣዩ ዓመት የሚተላለፈውን የሻጋታ ክምችት ይቀንሳል።

በማሽላ ራስ ላይ የሚታየው ሌላው ጥቁር ሻጋታ ከርቩላሪያ የተባለው ነው። ይህ ደግሞ ከማክሮፎሚና በተቃራኒ እርጥበትን የሚወድ ሲሆን፣ ፍሬው በሚደርስበት ጊዜ ዝናብ ሲጥል ዘለላውን ያጠቁረዋል። በዚህ ምክንያት ዝናቡ ቀድሞ በወጣበት ዓመት አንዱ፣ ዘግይቶ በወጣበት ዓመት ሌላው ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ከርቩላሪያም በሰው ላይ የዓይን ብሌንና የአፍንጫ ውስጥ ክፍተቶች ሕመም በማስከተል በሕክምናው ዓለም በደንብ የታወቀ ነው።

ጥቁረቱ ምን ይሠራል?

እነዚህ ሻጋታዎች ጥቁር የሆኑት ሜላኒን የተባለውን ቀለም በግድግዳቸው ውስጥ ስለሚያከማቹ ነው። ይኸው ቀለም በቆላው ፀሐይና ሙቀት አፈር ላይ እንዲሰነብቱ ይጠብቃቸዋል። ሻጋታው ወደ ሰው ሰውነት በገባ ጊዜ ደግሞ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ወራሪን ለመግደል የሚያመነጯቸውን ኬሚካሎች እንዲቋቋም ያግዘዋል። በማሳ ላይ ለመኖር የጠቀመው ጋሻ በሰው ሰውነትም ውስጥ ያገለግለዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የስጋቱን ልክ በአግባቡ ማወቅ ያሻል። ማክሮፎሚና በሰው ላይ የሚያደርሰው ሕመም ጥቂት ጊዜ ብቻ የተመዘገበ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ንጹሕ ሰሊጥና ማሽላ መመገብም ለዚህ ሕመም አይዳርግም። ጤነኛ ሰው በየዕለቱ የሻጋታ ብናኝ ቢተነፍስም ሰውነቱ ይከላከለዋል። እነዚህ ሻጋታዎች አጋጣሚ ጠባቂዎች የተባሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የሚጠብቁት አጋጣሚም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእሾህ፣ በገለባ ወይም በቅጠል ጫፍ የተከፈተ ቁስል ነው። ሁለተኛው በሌላ ሕመም ወይም በመድኃኒት ምክንያት የተዳከመ የመከላከል አቅም ነው።

አጋጣሚው ሲፈጠር ጉዳቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል እ.ኤ.አ በ2012 በአሜሪካ የደረሰው ያሳያል። ኤክሰሮሂለም ሮስትራተም የተባለው ጥቁር ሻጋታ በቆሎን፣ ማሽላንና የሣር ዝርያዎችን በማጥቃት የሚታወቅ ነው። ይህ ሻጋታ ለጀርባና ለመገጣጠሚያ ሕመም በመርፌ በሚሰጥ አንድ መድኃኒት ውስጥ በዝግጅት ወቅት በመግባቱ፣ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በቀጣዩ ዓመት ባወጣው መረጃ መሠረት በ20 ግዛቶች 753 ሰዎች ታመው 64ቱ ሞተዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሻጋታው በይበልጥ የሚታወቀው በእጽዋት በሽታ ባለሙያዎች ዘንድ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በሕንድ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘውና በመገናኛ ብዙኃን ‹‹ጥቁር ፈንገስ›› የተባለው ሕመም ግን ከእነዚህ ጋር መምታታት የለበትም። ያ ሕመም የሚከሰተው በሌላ የሻጋታ ወገን ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ሻጋታው ጥቁር ስለሆነ ሳይሆን የተጎዳው የሰውነት ክፍል ስለሚጠቁር ነው። የሚያመሳስላቸው አጋጣሚ ጠባቂነታቸው ነው። በሕንድም ቁጥጥር ያልተደረገበት የስኳር ሕመምና ያለ ልክ የተወሰደ የስቴሮይድ መድኃኒት በር መክፈታቸው ተመልክቷል።

አጋጣሚው በቆላው ሠራተኛ ላይ

የምዕራብ ጎንደር ቆላ እርሻ ከደጋና ከወይና ደጋ ወረዳዎች በሚመጣ ወቅታዊ ሠራተኛ ጉልበት የሚካሄድ ነው። ሠራተኛው በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ፣ ቆየት ብሎም ለማሽላ ቆረጣ ይሰማራል። ሰሊጥ የዘር ከረጢቶቹ ፈጽመው ከመከፈታቸው በፊት መታጨድ ስላለበት ሥራው ጥድፊያ የበዛበት ነው። የታጨደው እየታሰረ ሂላ በሚባለው ክምር ይቆማል፤ ሲደርቅም በሸራ ላይ ይራገፋል። በዚህ ሁሉ ሂደት የሠራተኛው ፊት ከደረቀ ግንድ፣ ከገለባና ከአቧራ አይርቅም።

ሠራተኛው ለአጋጣሚ ጠባቂ ሕመም የሚጋለጠው በሥራው ጠባይ ብቻ አይደለም። የመተማና የሁመራ ቆላ ካላዛር በስፋት ከሚታይባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ዋነኛው ነው። ካላዛር የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክም ሲሆን፣ በአካባቢው ከኤች አይ ቪ ጋር ተደርቦ መገኘቱ ለሕክምና ባለሙያዎች የቆየ ፈተና ነው። ወባና የምግብ እጥረት ሲታከሉበት ሁኔታው ይከብዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት በመተማ በኩል በርካታ ሰዎችን ወደ አገር ውስጥ ማስገባቱ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም እንቅስቃሴን ማወኩ በጤና ተቋማቱ ላይ ተጨማሪ ጫና ማሳደሩ አይዘነጋም።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የዓይን ጉዳይ ነው። በሻጋታ ምክንያት የሚመጣ የዓይን ብሌን ቁስለት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚያጠቃ ይገመታል። በሽታው በብዛት የሚታየው ሞቃት የአየር ንብረት ባላቸው የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሆን፣ ዋነኛ ተጠቂዎቹም ገበሬዎችና የእርሻ ሠራተኞች ናቸው። መነሻው ብዙውን ጊዜ ቀላል የሚመስል ጭረት ነው። ዓይኑ ይቀላል፤ ያነባል፤ ብርሃን ማየት ይከብደዋል። ከቀናት በኋላ በብሌኑ ላይ ነጣ ወይም ግራጫ ያለ ጠባሳ መሰል ነገር ይታያል። ሕክምና ካልተገኘ ብሌኑ ሊበሳ፣ ዓይኑም ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ጉዳቱን ያባብሳሉ። የመጀመሪያው የቅጠል ጭማቂና የመሳሰለውን በዓይን ላይ ማድረግ ነው፤ ይህም ሌላ ጀርም ይጨምራል። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ መጠቀም ነው። ጠብታው ቅላቱንና ሕመሙን ለጊዜው ስለሚያስታግስ የዳነ ያስመስላል፤ በውስጥ ግን የዓይኑን መከላከያ አዳክሞ ለሻጋታው መንገድ ይጠርጋል። ለባክቴሪያ የሚታዘዘው ተራ የዓይን መድኃኒትም ሻጋታን አይገድልም።

ምርመራው ግን ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። የሠለጠነ ባለሙያ ከቁስሉ የተወሰደን ናሙና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ አዘጋጅቶ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲመለከት የሻጋታውን ክሮች ሊያይ ይችላል። ለሕክምናው ተመራጭ የሆነው ናታማይሲን የተባለው የዓይን ጠብታ እ.ኤ.አ በ2017 በዓለም የጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሕክምናው ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይወስዳል። ወሳኙ ነገር ታማሚው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ትክክለኛው ቦታ መድረሱ ነው።

የሊቦ ከምከም ትምህርት

ወቅታዊው ሠራተኛ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ቀዬው ይመለሳል። በቆላ የያዘው ሕመም በደጋ ጤና ጣቢያ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ክልሉ ከዚህ ቀደም አይቶታል። በ1997 ዓ.ም በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ በሽታው ቀድሞ በአካባቢው የማይታወቅ በመሆኑ ለተወሰነ ጊዜ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ሲታይ ቆይቶ ነበር። ወደ ሊቦ ከምከም የገባውም ከመተማና ከሁመራ እርሻዎች በሚመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደሆነ ይታመናል።

የሻጋታ ሕመም እንደ ካላዛር ከተመላሹ ወደ ጎረቤቱ አይሸጋገርም። ሆኖም ትምህርቱ ያው ነው። በኅዳር ወር ዓይኑን ይዞ ወደ ደጋ ጤና ጣቢያ የመጣን ወጣት ‹‹ባለፉት ሳምንታት የት ሠራህ? ዓይንህን ምን ነካው?›› ብሎ መጠየቅ ትክክለኛውን ሕክምና ከተሳሳተው ሊለይ ይችላል። ጥያቄው ወጪ የለውም። በሕክምና ካርዱ ላይ መስፈሩ ደግሞ ለወረዳው፣ ለዞኑና ለክልሉ መረጃ ይሆናል።

ድንበር ተሻግሮ የሚገኘው ልምድም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። በሱዳን ከፍተኛ ጉዳት በማድረስ የሚታወቀው ማይሴቶማ በአብዛኛው ጥቁር ቅንጣት በሚፈጥር የአፈር ሻጋታ የሚመጣ ሲሆን፣ ሻጋታው በእሾህ ወግቶት አማካይነት በእግር ገብቶ ቀስ በቀስ ሥጋና አጥንትን ይበላል። እ.ኤ.አ በ1991 በካርቱም የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል በሽታው በዓለም እንዲታወቅ ከፍተኛ ድርሻ አበርክቷል። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ በ2016 ማይሴቶማን ትኩረት በሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ውስጥ አካትቶታል። ማዕከሉ በጦርነቱ መውደሙ ግን እ.ኤ.አ በ2025 ተገልጿል። ለመተማና ለአካባቢው ይህ የሩቅ ዜና አይደለም። ከድንበሩ ማዶ የነበረ የሻጋታ ሕመም ዕውቀት ማዕከል ሲጠፋ፣ ከድንበሩ ወዲህ ያለው የመለየት አቅም ይበልጥ ተፈላጊ ይሆናል።

ተቋማት ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

የዓለም የጤና ድርጅት በጥቅምት 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው ቅድሚያ የሚሰጣቸው ፈንገሶች ዝርዝር 19 ፈንገሶችን ወይም የፈንገስ ምድቦችን አካትቷል። የማይሴቶማ አምጪዎች በሁለተኛው ደረጃ ሰፍረዋል። ማክሮፎሚናና ከርቩላሪያ ግን በስማቸው ከዝርዝሩ አልገቡም። በአገር ውስጥም የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በጋራ ለመመልከት ብሔራዊ የአንድ ጤና አደረጃጀት ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ በ2015 በተደረገው የቅድሚያ ምደባ የተመረጡት የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኤኪኖኮኮሲስ ሲሆኑ፣ አምስቱም ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ ናቸው። ምደባው ተገቢ ነው። ያም ሆኖ ሰብልንና ሰውን በጋራ የሚያጠቃ ሕመም በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ቦታ እንዲኖረው የሰብል ጥበቃ ባለሙያው ከጤናና ከእንስሳት ባለሙያዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይኖርበታል።

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የግብርና ልማት ሠራተኛውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በየቀበሌው ይገኛሉ። ልማት ሠራተኛው በነሐሴና በመስከረም ያለ ጊዜው የደረቀና ውስጡ የጠቆረ ሰሊጥ በብዛት ያየበትን ጎጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢያሳውቅ፣ በአጨዳው ወቅት የዓይን ጉዳት ሊበዛ የሚችልበትን ቦታ አስቀድማ ታውቃለች። እርሷ በበኩሏ የዓይን ጉዳተኞች የመጡበትን እርሻ ብታሳውቀው፣ በቀጣዩ ዓመት ዘሩና አገዳው በትኩረት ሊታይ የሚገባበትን ማሳ ይለያል።

በአሠሪዎች በኩል ግዴታው በሕግ የተደነገገ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያዛል። በሰሊጥ አጨዳና ማራገፍ ወቅት ይህ ማለት የዓይን መከለያ መነጽር፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ዓይን የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ ማለት ነው። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥራን የሚመሩ ባለሙያዎች ከአጨዳው በፊት በሚያካሂዱት ቁጥጥር እነዚህን ሦስት ነገሮች መጠየቅ ይችላሉ።

ጤና ተቋማት ደግሞ በዕፅ የተጫረ ዓይንን እንደ አጣዳፊ ጉዳይ ማየት፣ ስቴሮይድ ጠብታ ሳያዝዙ ማስተላለፍና በአጨዳ ወራት የፀረ ሻጋታ ጠብታ አቅርቦትን ከወዲሁ ማቀድ ይጠበቅባቸዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍልና የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል በአንድ ከተማ የሚገኙ ተቋማት ናቸው። አንዱ ከዓይን፣ ሌላው ከግንድ የሚያገኙትን ሻጋታ ጎን ለጎን ቢያነጻጽሩ፣ ግምት በማስረጃ ይተካል። ዩኒቨርሲቲው መነሻው የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም የተቋቋመው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለማሠማራት ነበር። የቡድን ሥራ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሁን የሚጎድለው የሰብል ጥበቃ ባለሙያው ነው።

ሰሊጥ ሲበሰብስ ገበሬው የአንድ ዓመት ገቢ ያጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ግን እንደገና ሊዘራ ይችላል። የዓይን ብሌኑ የተበሳ የቀን ሠራተኛ ግን ጉልበቱን አምኖ ወደ ቆላ የላከውን ቤተሰብ ጭምር ይዞ ይጎዳል። ይህን ለማስቀረት የሚጠየቀው መነጽር፣ ንጹሕ ውኃ፣ አንድ ተገቢ ጥያቄና በሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል የሚደረግ የመረጃ ልውውጥ ነው። ለዚህም የሚመለከታቸው የዞንና የወረዳ አካላት የመኸር ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ የሰብሉንና የሠራተኛውን ደኅንነት በአንድ ሰነድ ቢያሰፍሩት፣ የመስከረሙ አጨዳ ከመድረሱ በፊት በቂ የመዘጋጃ ጊዜ ይኖራቸዋል።